ስሙ የማይጠራው ቅጠል

በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጎረቤታችንን ጋሽ ገነነን አሳሰርኳቸው። ያኔ ግን ያሸለምኳቸው ነበር የመሰለኝ። ስለዚህም ያን ቀን ከትምህርት ቤት የተመለስኩት እየዘለልኩ ነው።

የምንኖረው ቡሬ ነበር፤ ወደ ነቀምት ከሚወስደው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ፣ የአንዱ ቆርቆሮ አጥር ከሌላው ጋር በሚተሻሽበት ሰፈር። አባቴ መምህር ዘመኑ የአዴት ተወላጅ ነው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሥነ ሕይወት ያስተምር ነበር። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ለሕፃን እንኳ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሰው። ሰፈርተኛው ደብዳቤ ሲያስነብብ፣ ልጅ ሲያስመክር፣ የዕድር ቃለ ጉባኤ ሲያስጽፍ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። እናቴ ባንቺአየሁ በረንዳችን ላይ ባለችው የስፌት መኪና የሰፈሩን ልብስ ትሰፋለች። የአባቴን ስምም ሲቀደድ የምትጥፈው እሷ ነበረች፤ ይህን ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ከመጸዳጃ ቤታችን ጀርባ፣ በአጥሩና በግድግዳው መካከል፣ አባቴ የሚንከባከባቸው አራት ተክሎች ነበሩ። ቁመታቸው እኔን ይበልጣል። ቅጠላቸው እንደ ተዘረጋ እጅ ሆኖ ጣቶቹ ሰባት ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቦርሳውን አስቀምጦ ወደዚያ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ከቆርቆሮው በላይ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሽታው እርጥብ ሣርና ገመድ አብረው ሲቃጠሉ የሚሸቱት ዓይነት ነው።

«አባዬ፣ ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«የትንኝ ቅጠል ነው። ወባ እንዳይገባ።»

«እነ ባንተአምላክ ቤት ወባ ገብቷል እኮ። ለምን አንሰጣቸውም?»

አባቴ ዞር ብሎ አጥሩን አየ። «ጎረቤት ካወቀ በአንድ ሳምንት ይጨርስብናል፣ ፋናዬ። ለማንም አትንገሪ።»

አልተናገርኩም። እናቴ የትንኝ ጭስ ለምን እንደምትጠላ ግን አይገባኝም ነበር። አባቴ ከጓሮ ሲመለስ ዓይኑ ቀላ፣ ፊቱ ለስለስ ይላል። ሌላ ቀን የማያወራው ሰው ስለ እንቁራሪት ልብ አንድ ሰዓት ሙሉ ያጫውተኛል። «ሦስት ክፍል ብቻ! በሦስት ክፍል ብቻ ትኖራለች፣ አየሽ!» ይልና እስኪያነባ ይስቃል። እኔም ወባ መከላከል አድካሚ ቢሆንም ሰውን ደግ ያደርጋል ብዬ ደመደምኩ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ። አልፎ አልፎ የልጃቸውን የክስ ወረቀት ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። ወረቀቱ ላይ «ካናቢስ» ከሚለው ቃል ስደርስ ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። እናቶቹ ስለ ልጃቸው ያዘንኩ ይመስላቸዋል።

ጋሽ ገነነ በአጥር የምንጎራበታቸው ሽማግሌ ነበሩ። የቋሪት ሰው ናቸው፤ ከገበዝ ማርያም በልጅነታቸው ወጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንገድ ሥራ ካምፕ ጠብቀዋል። ሚስታቸው ሞታለች፤ እንዳለው የሚባል አንድ ልጃቸው የሚኖረው መተማ ነው። ሰው የሚያውቃቸው ግን በዘበኝነታቸው አይደለም፤ ያበደ ውሻ ለነከሰው ሰው በሚሰጡት መድኃኒት ነው። ከጅጋ፣ ከቋሪት፣ ከቆላው ሁሉ የተነከሰ ሰው እግሩን ወይም እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ እሳቸው ይመጣል። ጋሽ ገነነ በሽተኛውን ጀርባውን አዙረው ያስቀምጡታል። ከዚያ ጓሮ ገብተው ሥር ይቆፍራሉ፣ ይወቅጣሉ፣ በጣሳ ያጠጡታል። የተክሉን ስም ለማንም አይናገሩም። እኔም ጠይቄያቸው ነበር።

«ስሙ አይጠራም፣ ልጄ። ስሙ በወጣ ቁጥር ጉልበቱ አብሮ ይወጣል።»

ተክሉን ግን በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ከእኛ የትንኝ ቅጠል ያጠረ ነው፤ ቅጠሉ ግን ጣት አለው፣ አንዳንዱ አምስት፣ አንዳንዱ ሰባት።

በዚያ ጥቅምት አንድ ሰኞ ጧት፣ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለን ሳንበተን፣ የጎጂ ዕፅ መከላከያ ኮሚቴ የሚባል መጣ። ሰብሳቢው አቶ ተስፋው ይባላል፤ ከሰው ቀድሞ የሚደርስ ድምፅ ያለው ወፍራም ሰው። ካርቶን ላይ የተለጠፈ የቅጠል ሥዕል ይዘዋል። ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ስለሆነ በጥላሸት የተነካ የእጅ ምልክት ይመስላል። ርእሰ መምህሩ «ሥዕሉን መምህር ዘመኑ ይዘው ያብራሩልናል» አሉ። አባቴ ወጥቶ ካርቶኑን ያዘ። ካርቶኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቅምት ጧት ቡሬ ይበርዳል።

«ቅጠሉ... ብዙ ጊዜ ሰባት ጣት አለው» አለ አባቴ። «ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው። በእኛ አካባቢ... አይበቅልም።»

«ይበቅላል፣ መምህር! ይበቅላል እንጂ!» አለ አቶ ተስፋው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ስለ ሕግ፣ ስለ አዋጅ፣ ስለ ትውልድ ብዙ ተናገረ። ከተናገረው ውስጥ እኔ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህ ቅጠል በጣም ተፈልጓል፤ ከሩቅ ድረስ ሰዎች ሊፈልጉት መጥተዋል። ሁለተኛ፣ አይቶ ለጠቆመ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማል፤ ተክሉ የተገኘበት ሰው ደግሞ «ተገቢውን ያገኛል»። ዕፅ የሚለውን ቃል የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዕፀ ሕይወት ሲባል። እንግዲህ ትልቅ መድኃኒት ተፈልጓል ማለት ነው።

«ያየ እጁን ያውጣ!»

እጄን አወጣሁ።

አባቴ አየኝ። «ፋናዬ፣ እጅሽን አውርጂ» አለ በቀስታ።

«ይተዋት እንጂ፣ መምህር! የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የመምህር ዘመኑ።»

«እሰይ! የመምህር ልጅ! ነይ ወደዚህ። የት ነው ያየሽው?»

ወደ ፊት ወጣሁና አሰብኩ። የእኛን መናገር አይቻልም፤ ለማንም አትንገሪ ተብያለሁ። ደግሞም አባቴ ‹የመምህር ልጅ ስለሆነች አደሉላት እንዳይባል› ብሎ የክፍል አለቃ እንዳልሆን ያስከለከለኝ ሰው ነው። ሽልማቱ ለእኛ ቤት ቢመጣ በሰው ፊት ያፍራል። ጋሽ ገነነ ግን ስንት ሰው አድነው ማንም ሸልሟቸው አያውቅም።

«ጋሽ ገነነ ጓሮ» አልኩ።

አባቴ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁት። እጁ መንቀጥቀጡን አቆመ። ኮርቶብኛል አልኩ በልቤ።

ከዓመታት በኋላ ያንን መዝገብ አገላብጬዋለሁ፤ የፍርድ ቤት ጎረቤት መሆን እንዲህ ላለው ነገር ይረዳል። «አንዲት ተማሪ በሰጠችው ጥቆማ መሠረት» ይላል። ስሜ የለም። ሕፃን ስለሆንኩ ተጠንቅቀውልኝ ይሆናል፤ ወይም ማንም ስሜን ለመጠየቅ አልተቸገረም።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ከሁለት ፖሊሶች ጋር ጋሽ ገነነ ጓሮ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። እኔ አዲሱን ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ከፊት ቆሜያለሁ።

«ይህ ምንድን ነው፣ አባት?» አለ አቶ ተስፋው ተክሉን እያሳየ።

«ከእናንተ ውስጥ ውሻ የነከሰው አለ?» አሉ ጋሽ ገነነ።

«የለም።»

«እንግዲያ ምን ያደርግላችኋል?»

ከአጥሩ ላይ ሳቅ መጣ። አቶ ተስፋው አልሳቀም። «ስሙን ይንገሩንና እንሂድ።»

«ስሙ አይጠራም።»

«ሰማችሁ?» አለ አቶ ተስፋው ወደ ፖሊሶቹ ዞሮ። «ስሙ የማይጠራ! ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?»

ተክሉን ከነሥሩ ነቅለው በማዳበሪያ ጆንያ ከተቱት። ጋሽ ገነነ ቤታቸውን ቆለፉ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ቁልፉን ለአባቴ ሰጡት። «መምህር፣ ዶሮዎቼን አደራ።» አባቴ ቁልፉን በሁለት እጁ፣ አጎንብሶ ተቀበለ።

«የት እየወሰዷቸው ነው?» አልኩት።

«ለሥራ ተፈልገው ነው» አለኝ አባቴ።

ያንኑ ዕለት፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ አባቴ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ መቆፈር ጀመረ። አራቱን ተክሎች ነቀለ፣ ቆራርጦ ጉድጓድ ውስጥ ከተተ፣ አፈር መለሰበት፣ ረገጠው። ኮባ ሊተክልበት እንደሆነ ነገረኝ። ኮባው አልመጣም። እናቴ የስፌት መኪናዋን ትታ መጥታ ከጎኑ ቆማ ነበር።

«ነገ ጧት ሄደህ ተናገር።»

«ምን ብዬ?»

«አይደለም ብለህ ነዋ!»

«‹እውነተኛውን የት አይተህ ነው አይደለም የምትለው› ቢሉኝስ?»

«መጽሐፍ ላይ በላቸው።»

«መጽሐፉን አምጣ ቢሉኝስ? እኛ መጽሐፍ ላይ ያለው ባቄላ ነው።»

«ያስተማርካቸው ሁሉ ያፍሩብሃል» አለች።

«ካሰሩኝስ አይኮሩብኝ።»

እኔ ስለ ፈተና የሚከራከሩ መስሎኝ ነበር። አባቴ ብዙ ጊዜ ስለ ፈተና ጥያቄ ይጨነቃል።

በዚያ ሳምንት ሰፈራችን ተላጨ። የቅጣቱ ወሬ ቧንቧው ጋ ሁለት ዓመት ነበር፤ ወፍጮ ቤት ሲደርስ አምስት ሆነ፤ ጠጅ ቤት ሲገባ አሥር ሞላ። አናጺው ባንተአምላክ «ከነሥሩ ከተገኘ ደግሞ ለሥሩ ለብቻው ይፈረዳል አሉ» ብሎ ጨመረበት። ጣት ያለው ቅጠል ሁሉ ተነቀለ። ጉሎ ተነቀለ፣ የፓፓያ ችግኝ ተነቀለ። የባንተአምላክ ሚስት ጥርጣሬ ገብቷት ዳማ ከሴዋን ሳይቀር አነሣችው፤ ዳማ ከሴ ጣት የለውም። የተነቀለውን ተክል ተሸክመው ወደ ወንዙ የሚሄዱትን ሳይ ሁሉም ሽልማት ፍለጋ የወጣ መሰለኝ። ዘገያችሁ፣ እኔ ቀድሜያችኋለሁ አልኩ በልቤ።

አንድ ሰው ግን፣ አንድም ሰው፣ «የጋሽ ገነነ ቅጠል ያ አይደለም» ብሎ አልተናገረም። ዛሬ ሲገባኝ እውቀቱ ራሱ ወንጀል ይመስል ነበር። አይደለም ለማለት ማወቅ ያስፈልጋል፤ አውቃለሁ ያለ ደግሞ ከየት እንዳወቀ ይጠየቃል። ሁሉም ሰው ባያውቀው ይሻለው ነበር። በእውነት የሚያውቀው አንድ ሰው ደግሞ በየቀኑ ምግብ ያመላልስ ነበር።

አባቴ ከክፍል እንደወጣ እናቴ የሞላችውን የምሳ ዕቃ ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ይሄዳል፤ እኔንም ይወስደኛል። ዝናብ ቢዘንብ ይሄዳል። በዐቢይ በዓል ይሄዳል። ሰፈርተኛው «መምህር ዘመኑ ወንድም ቢሆን ከዚህ በላይ አያደርግም» ይል ነበር። እኔ ደግሞ እንደዚያ ያለ አባት ስላለኝ ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ።

ጋሽ ገነነ በእውነት ሥራ ላይ እንዳሉ በዓይኔ አረጋገጥኩ። በኅዳር መጀመሪያ ከጅጋ አንድ ገበሬ ልጁን ይዞ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ልጅቷ የእኔ እኩያ ናት፤ ቀኝ እጇ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል። ፖሊሶቹ ሰውየውን አዝነውለት አስገቡት።

«ሥሩ እናንተ ዘንድ ጆንያ ውስጥ ነው» አሏቸው ጋሽ ገነነ። «የጣት ያህል ቁረጡና ስጡኝ።»

«ኤግዚቢት ነው እኮ፣ አባት። መነካት የለበትም» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ልጅቷ ናት እንጂ የተነካችው!»

ገበሬው አባቴን አየው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ የተማረ ሰው ነው። አባቴ ሆስፒታል እንዲወስዳት ነገረው። ሰውየው ሄጄ ነበር፣ መርፌው አልቋል አሉኝ አለ። አባቴ «እንግዲህ ባሕር ዳር...» አለና ቃሉን አልጨረሰውም። እኔ ለልጅቷ የተሸለምኩትን እስክሪብቶ ሰጠኋት። በግራ እጇ ተቀበለችኝ።

በወሩ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ አባቴ ጋቢውን ለብሶ ወደ ጅጋ ሄደ፤ ገበያ ነው ብዬ አሰብኩ። ሲመለስ ግን የገዛው ነገር አልነበረም። እናቴ ስለዚያ ቅዳሜ የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ የዚያች ልጅ ለቅሶ ደርሶ ነበር የመጣው።

በጥር አባቴ ወደ ችሎት ይዞኝ ሄደ። እናቴ ለሙሽራ ልብስ ስፌት ተጨናንቃ ስለነበር የሚጠብቀኝ አልተገኘም። ጋሽ ገነነ ያን ጊዜ አራተኛ ቀጠሯቸው ነው። የተክሉ ናሙና አዲስ አበባ ለምርመራ ተልኳል፤ ውጤቱ አልመጣም። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ አያቸው።

«አባት፣ ይህ የተያዘብዎት ተክል ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው፣ ጌታዬ። ያበደ ውሻ ለነከሰው።»

«ስሙስ?»

«እሱን ለታመመም አልናገር፣ እንኳን ለጤነኛ።»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ዳኛው ጸጥታ እስኪመለስ ጠበቀ። «የቀረበብዎት ክስ ከባድ ነው። በዓመታት የሚቆጠር ጽኑ እስራት ያስከትላል። ዝም ማለት አይጠቅምዎትም።»

«ዝም ማለት ለማን እንደሚጠቅም እኔ እንጃ» አሉ ጋሽ ገነነ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩ። «መምህር ዘመኑ እዚያ ተቀምጧል። የቅጠል መምህር ነው። ያ የምትሉት ቅጠል ይህ መሆን አለመሆኑን እሱ ይንገራችሁ። ለዚያ ከእኔ ስም መስማት አያስፈልገውም።»

አባቴ ተነሣ። ወንበሩ ጮኸ።

«ያውቁታል?» አለው ዳኛው።

«ክቡር ፍርድ ቤት... በቅጠል ብቻ ለመናገር... የላብራቶሪ ሥራ ነው...»

«ያውቁታል ወይስ አያውቁትም?»

አባቴ ጋሽ ገነነን አላየም። እኔን አየ። «አላውቀውም» አለ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። አባቴ የማያውቀው ቅጠል እንደሌለ አውቃለሁና። ስሙን ያውቃል፤ ነገር ግን የጋሽ ገነነ መድኃኒት ጉልበቱ እንዳይወጣ በዳኛ ፊት እንኳ አፉን ዘጋላቸው! ጋሽ ገነነም አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት፤ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። እኔም ምስጋና ነው አልኩ።

የምርመራው ውጤት የመጣው በግንቦት ነው። «ካናቢስ አለመሆኑ ተረጋግጧል» ይላል፤ ምን እንደሆነ ግን አዲስ አበባዎቹም አልጻፉም። ጋሽ ገነነ በሰባተኛ ወራቸው ተለቀቁ። ከስተዋል፣ ይስላሉ፤ ጺማቸው ነጥቷል። ሰፈርተኛው እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ሊላቸው ተግተልትሎ መጣ። ባንተአምላክ «እኛስ ከመጀመሪያውም አልጠረጠርንዎትም!» ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«እኔም እንዲሁ» አሉት ጋሽ ገነነ።

በማግሥቱ እኛ ቤት መጡ። አባቴ ቁልፉን በሁለት እጁ መለሰላቸው፤ ዶሮዎቹ ከስድስት አሥራ አንድ መድረሳቸውን ነገራቸው። ወንበር ሳበላቸው። እናቴ አልተቀመጠችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«መምህር» አሉ ጋሽ ገነነ፣ «ሳሉ የሚለቀኝ አይመስለኝም። ተክሉ ከተረፈው ሥር በዝናቡ ብቅ ብሏል። እኔ ግን ብቅ አልልም። ይህ ነገር ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው ነው የሚሄደው።»

«ልጅዎ እንዳለው አለ አይደለም ወይ፣ ጋሼ?»

«እንዳለው ሁለት ቢራ ከጠጣ የእናቱን ኑዛዜ ያወራል። ለእሱ ብነግረው ሱዳን ድረስ ይሰማል።» ሳል አቋረጣቸው። «ደግ ሰው ፈልጌ ነበር። ደግ ሰው አፍ አለው። አፉን ሲዘጋ በዓይኔ ያየሁት ሰው ግን አንድ ነው። ሰባት ወር አየሁህ። አንድም ቀን አላዳለጠህም።»

አባቴ ከወንበሩ ወርዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ተነሥ፣ ልጅ ታያለች» አሉት። ከዚያ በቀስታ ጨመሩ፤ «ከአጥር ማዶ ስኖር አፍንጫዬ አልደነቆረም እኮ፣ ዘመኑ።»

መምህር ሳይሉት ስሙን ሲጠሩት የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔን ዶሮዎቹን እንዳይ ወደ ውጭ ላኩኝ። በመስኮቱ አሾልቄ አየሁ። ጋሽ ገነነ አፋቸውን ወደ አባቴ ጆሮ አስጠግተው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ከሁለት ቃል አይበልጥም። አባቴ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅስ ጀመር። ለትልቅ ነገር የተመረጠ ሰው በደስታ ያለቅሳል፤ እኔም መስኮቱ ሥር ቆሜ አብሬው አለቀስኩ።

ጋሽ ገነነ በዓመቱ ሐምሌ ዐረፉ። አርባቸው ሳይወጣ አንድ የቋሪት ሰው ታፋውን ጠቅልሎ በራችን ላይ ቆመ። «ወደ መምህሩ ሂድ ብለውኝ ነው።»

የሥነ ሕይወት መምህሩ ያ ሥር የውሻ በሽታን እንደማያድን ያውቃል። ተማሪዎቹንም በየዓመቱ እንዲያ ብሎ ያስተምር ነበር። የሙት አደራ ግን በእጁ ነው፤ ሰው ደግሞ ሥሩን ካልጠጣ ከበራፉ አይነቃነቅም። አባቴ ጋሽ ገነነ ጓሮ ገባ፣ ቆፈረ፣ ወቀጠ፣ አጠጣው። ቀጥሎም ጋሽ ገነነ ያልተናገሩትን አንድ ሥርዓት ከራሱ ጨመረ።

«ይህን ሥር የጠጣ ሰው በዚያው ቀን መርፌ ካልተከተለው ሥሩ ይቆጣል» አለው።

«ይቆጣል?»

«ክፉኛ።»

ሰውየውን ይዞ አውቶብስ ተሳፈረ። ፍኖተ ሰላም መርፌ ከሌለ ደብረ ማርቆስ፣ እዚያ ከሌለ ባሕር ዳር ያደርሰዋል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የመጣውን ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። ለቀጣዩ መርፌ ቀኑን ቆጥሮ ያስጠራቸዋል፤ ‹ሥሩ ይቆጣል› የተባለ ሰው ደግሞ አይቀርም። ከመጸዳጃ ቤታችን ጀርባ ጭስ ዳግመኛ አልወጣም። እናቴ እንደምትለው ትንኞቹ ልዩነቱን አላወቁትም።

በገጠሩ የሚወራው ግን ይህ ነው፤ የጋሽ ገነነ መድኃኒት ጥሩ ነበር፣ የመምህር ዘመኑ ግን ይበልጣል፤ አንድም ሰው አልሞተበትም።

ባለፈው ጥር፣ መንገዱ ክፍት በነበረበት ሳምንት፣ ቡሬ ሄጄ ነበር። አባቴ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ያን ሰሞን ስለጻፍኩት ማመልከቻ አጫወትኩት። አንድ ተማሪ አውቶብስ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ የጣት ያህል ካናቢስ ይዞ ተገኝቷል። እናቱ ሦስት ጊዜ መጥታ ሦስት ጊዜ አስለቀሰችኝ።

አባቴ ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና ሳይል «ቅጣቱ ስንት ዓመት ሆነ አሁን?» አለኝ።

«አንድ ቁጥር የለውም፣ አባዬ። መጠኑ ይታያል፣ ለምን እንደያዘው ይታያል። ዳኛው እንደ ነገሩ ሁኔታ ነው የሚወስነው።»

«እንደ ጎረቤቱም ነው» አለ።

የጫማውን ክር አጥብቆ ተነሣና ኮቱን ከምስማሩ ላይ አወረደ። አንዲት ከቆላ የመጣች ሴት በረንዳው ላይ እጇን በሻሽ ጠቅልላ ትጠብቀው ነበር፤ የአምስት ሰዓቱ አውቶብስ እንዳያመልጣቸው ቸኩሏል።